ሚሞሪ ላይ የቀረ ቃል

ባለፈው ሳምንት ሙራድን የተውነው ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ «የረምላ ኒካህ ታሰረ» የሚለውን ወሬ ሰምቶ መግባትም መውጣትም አቅቶት ነበር። እነሆ ከዚያ ወዲህ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዛሬም የምናገኘው እዚያው ነው። አሁን ግን ቁጭ ብሎ ለማዘን እንኳ ጊዜ የለውም፤ ሰው በሩን ሊነቅልበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙራድ በሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ በሻይ ቤትና በጫማ ሱቅ መካከል የተሸጎጠች ባለ አንድ በር ቤት ተከራይቶ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ይጭናል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሁለት ካርድ ሪደርና አንድ ስፒከር አለው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ገበያው እየቀዘቀዘ፣ ወጣቱ ሁሉ «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» እያለ ሲያልፈው ከርሟል። ታዲያ በዚህ በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት የሞባይል ዳታ በአገሩ ሁሉ ሲዘጋ፣ እነዚያው ወጣቶች ከየመሳቢያው አቧራ የለበሰ ሚሞሪ እየመዘዙ ተመልሰው መጡ። የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ በርሜል ያለው ጎረቤት ደጅ እንደሚሞላው ማለት ነው።

«ሙራዴ!» አለ ተረፈ፣ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ሲጠራ ድምፁ የሻከረ የመናኸሪያ ደላላ። «እውነቱን አውጣ። ዳታውን ያዘጋኸው አንተ ነህ አይደል?»

«ሚሞሪህን ስጥና ተራህን ጠብቅ።»

«አየህ አልካደም! ወገኖቼ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል!»

ሰው ሳቀ። ሙራድም ከንፈሩን ከፈት አድርጎ የሳቀ መሰለ። ዓይኑ ግን ማያው ላይ አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ ይከተል ነበር። መስመሩ በሞላ ቁጥር አንድ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እሱ ከነሐሴ ወዲህ በዚያ መስመር ላይ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

በነሐሴ ረምላ እንደ ልማዷ ሚሞሪዋን ልታስሞላ መጥታ ነበር። ረምላ ገበያው ዳር ያለው የትልቁ ጨርቅ ቤት ባለቤት፣ የጋሽ መሐመድአሚን ልጅ ናት። ሙራድ የጃጁራ በርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች፤ ዘፈን ትመርጣለች፣ ትከራከራለች፣ ሚሞሪው እስኪሞላ ድረስ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። ሙራድም ሆን ብሎ ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል። እሷም እንደሚያዘገየው ታውቃለች። ከዚህ በላይ ግን አንዳቸውም ቃል አውጥተው አያውቁም።

ያን ቀን ታላቅ ወንድሟ ሀይደር ከደቡብ አፍሪካ አዲስ ስልክ እንደላከላት ነገረችው። ስልኩ የሚሞሪ ማስገቢያ የለውም። ሀይደር እዚያው ሆኖ የከፈለበት የዘፈን መተግበሪያ ተጭኖበታል፤ ፈልገህ ጫን ስታደርገው ከኢንተርኔት እየመጣ ይዘፍናል፣ የሚቀመጥ ነገር የለም።

«ያንተ ሚሞሪ ሁለት ሺህ ዘፈን ይይዝ ይሆናል» አለችው እየሳቀች። «እዚያ ሚሊዮን አለ አሉ።»

«ሚሊዮኑን ማን ሰምቶ ይጨርሰዋል? ደግሞ አንድ ሀዲይኛ ዘፈን ፈልጊበት እስቲ።»

«ባይኖርስ? ጭቃ እየረገጥኩ እዚህ ድረስ ከመምጣት ያድነኛል።»

ለቀልድ ያለችው ነበር። እሱ ግን ልቡ ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀበት፤ ሊቀርባት የሚችልበት አንድ በር እየተዘጋ መሰለው። ስለዚህ እሷ ለጫማ ወደ ጎረቤት ሱቅ ስትሻገር፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ማይኩን ሰካና ድምፁን ቀዳ። ሽማግሌ መላክ እንደሚፈልግ ነገራት። እሺ ካለች ሚሞሪውን መልሳ ታምጣለት፤ ካልፈለገች ትቅር፣ ዝምታዋን እንደ መልስ ይቀበላል። የቀዳውንም ሰው እንዳይከፍተው «የጊምቢቹ ሠርግ» የሚል ስም ሰጥቶ ከዘፈኖቹ ሁሉ መጨረሻ አኖረው። ሲሰጣት «የመጨረሻውን ሳትሰሚ እንዳትቀሪ» አላት። «እሺ» አለች።

አልመጣችም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። አረፋም ዋለ። አረፋ ባለፈ በሳምንቱ የረምላ ኒካህ በደቡብ አፍሪካ ከሚኖር የሀይደር ሸሪክ ጋር ታሰረ ተባለ፤ ሙሽራው ባይኖርም በወኪሉ በኩል። ሙራድም መልሱን ያገኘ መሰለውና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ሌሊትም ቀንም የሚያጽናናው አንድ ሐሳብ ነበር፦ «ሰምታኛለች። ሰምታ ነው የተወችኝ።» እንዲህ ያለ መጽናኛ ያለው ሰው እንዴት ያለ ሐዘንተኛ እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

*

እኩለ ቀን ላይ ወረፋው ሳሳ። ሙራድ ቀና ሲል በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። አንዷ የረምላ የአክስት ልጅ ነጂባ ናት። ሁለተኛዋን ለማወቅ ፊቷን ማየት አላስፈለገውም፤ በጥቁር ሻሽ ጠርዝ ላይ የተጨበጡት ጣቶች በቂ ነበሩ። የኒካሁ ሂና ከመዳፏ ለቋል። ጥፍሮቿ ጫፍ ላይ ግን አሁንም ቀይ መስመር አለ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ማን ነው ደስ ያለው?» አለች ነጂባ። «በል ይህን ሰው ሁሉ ሸኝልንና በርጩማ ስጠን። እግሬ አልቋል።»

ቀሪዎቹን ሁለት ደንበኞች «ከአሥር ሰዓት በኋላ» ብሎ ሸኛቸው። ረምላ አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ የድሮዋን አሮጌ ስልክ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዳታው ሲዘጋ አዲሱ ስልክ ድንጋይ ሆነ» አለች ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ። «አንድ ዘፈን እንኳ አይልም። ቤቱ ጭር አለብኝ። ያኔ ይህን ከመሳቢያ አወጣሁት። ተኝቼ እየሰማሁ ሳለሁ ዘፈኖቹ አለቁ፤ ከዚያ... ከዚያ አንተ መጣህ።»

ሙራድ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ከትናንት ወዲያ? በነሐሴ አይደለም?»

«በነሐሴ አዲሱ ስልክ እጄ ላይ ነበር። የሠርግ ዘፈን የጫንክልኝ መስሎኝ፣ ቀስ ብዬ እሰማዋለሁ ብዬ...» ስልኩን በጣቷ ነካ አደረገች። «መሳቢያ ውስጥ ነው የከረምከው ሙራድ። ከካልሲና ከመርፌ ጋር።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይጮሃል። ሙራድ ከኒካሁ ወዲህ የተደገፈው ግድግዳ በአንዴ ተንዶ ራሱ ላይ ሲወርድ ተሰማው። አልተወችውም። አልሰማችውም እንጂ።

«የኔንስ?» አለች ረምላ በድንገት ቀና ብላ። ከገባች ወዲህ ዓይኖቻቸው የተገናኙት አሁን ነው። «አንተስ የኔን ለምን ዝም አልከው?»

«የምን የአንቺን?»

«የላኩልህን! በስልክህ የላኩልህን የዘፈን ዝርዝር!»

ሙራድ ግንባሩን ቋጠረ። ትዝ አለው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከእሷ ቁጥር ሊንክ የሚሉት አንድ ሰማያዊ የእንግሊዝኛ መስመር መጥቶለት ነበር። ወዲያው ነካው። መተግበሪያው የተከፈለበት እዚያ ደቡብ አፍሪካ ነውና፣ ማያው ላይ የወጣውን ጽሑፍ በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛው አንድ በአንድ ሲፈታው «ይህ አገልግሎት በአገርዎ አይሰጥም» የሚል ሆነ። ለሰው ሁሉ የሚበተን ማስታወቂያ መሰለው። ያም ሆኖ ቃሉ አንጀቱ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ የረምላ ስልክ እንኳ «ላንተ አይሆንም» ያለው መስሎት።

«አልከፈተልኝም» አላት። «ምን ነበረበት?»

ረምላ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። የተናገረችው ነጂባ ናት።

«ዘጠኝ ዘፈን ነበረበት። ሦስት ቀን ሙሉ ስትመርጥ እኔን እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ይቺ ትግባ፣ ያቺ ትውጣ እያለች። የዝርዝሩን ስም ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ‹ሽማግሌ ላክ። እስከ አረፋ እጠብቃለሁ።›»

ለምን አልደወለችለትም ትሉ ይሆናል። ሽማግሌ ላክ ብላ በአፏ የምትደውል የሆሳዕና ልጅ አሳዩኝና እናንተ ትክክል ትሆናላችሁ። ያንን መጻፏ እንኳ ለረምላ አጥር የመዝለል ያህል ነበር። እሱስ? እሱ የደሃ ልጅ ኩራት ነበረው፤ ካልተጠራ የማይገባ።

ሙራድ ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎች ያስብ ነበር። አንዱ ከመሳቢያ ውስጥ፣ ሌላው ከሰማያዊ መስመር ወዲያ፣ በአንድ ሳምንት ተጽፈው ሁለቱም ሳይነበቡ ከርመዋል። ወደ በሩ ተራመደ።

«አባትሽ ሱቅ ናቸው?»

«ሙራድ፣ ተው አይሆንም።»

«ሱቅ ናቸው ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አሉ» አለች ነጂባ። «ሂድ።»

ረምላ አልከለከለችውም። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ሲወጣም ዘወር ብላ አላየችውም፤ ብታየው ተስፋ ታደርግ ነበርና ፈራች።

*

ጋሽ መሐመድአሚን ለአንዲት ሴት ጨርቅ እየለኩ ነበር። ሙራድ ደፍ ላይ ቆሞ «አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግባ። ምን ላሳይህ?»

«ለጨርቅ አይደለም የመጣሁት ጋሼ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ጨርቁን ቆርጠው፣ አጥፈው፣ ሴትየዋን መርቀው ሸኙ። መቀሱን ከእጃቸው አላኖሩትም።

«የማን ልጅ ነህ?»

«ጃጁራ ነው አገሬ። በርበሬ ይነግዳል አባቴ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ዘፈን የምጭነው...»

«አሃ» አሉ። በቀስታ ተቀመጡ። «አንተ ነህ እንዴ?»

ሙራድ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም። ስለ ሚሞሪው፣ ስለ ሰማያዊው መስመር፣ ስለ ተዘጋው ዳታ ሊያስረዳቸው ጀመረ። ቃሉ ተምታታበት። እሳቸው በእጃቸው አስቆሙት።

«ልጄ፣ ይህን የመሣሪያ ነገር አላውቀውም። የማውቀውን ልንገርህ። ከአረፋ በፊት ረምላ ‹አባ፣ ለሀይደር መልስ ሳትሰጠው ጊዜ ስጠኝ› አለችኝ። ለምን አልኳት። ‹ሰው ይመጣል› አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ልጄ ካከበረችው እኔም አከብረዋለሁ ብዬ። የአረፋ ዕለት ከሶላት ስመለስ የግቢዬን በር አላዘጋሁም። ሦስት ቀን ክፍት ነበር። ሙክቱ ታርዶ ለሚመጡት ሽማግሌዎች ድርሻ ተቀምጧል። ጎረቤት ‹በርህን ሌባ እንዳይገባበት› ሲለኝ ‹እንግዳ አለኝ› እላለሁ።»

«ቢመጡ ኖሮስ ጋሼ?»

«ቢመጡማ ምን እል ነበር?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አባቴ ወደዚህ ከተማ የገባው ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ነው። የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ብዬ የምመልስህ መስሎህ ነው የቀረኸው?»

አሁን ነው ለሙራድ የገባው። በእሱና በእሷ መካከል ያለ መስሎት ሁለት ዓመት የፈራው ግንብ አልነበረም። የተከፈተ በር ነበር።

«አሁን... አሁን ምንም አይደረግም?»

«በዚህ እጄ የሙሽራውን ወኪል እጅ ጨብጬ ‹ሰጠሁ› ብያለሁ። እሷንም ጠይቄአት ‹እሺ› ብላለች። ያ ልጅ በሰው አገር ቤት አሰናድቶ ይጠብቃታል። እሱ ምን በደለኝ ብዬ ቃሌን ላጥፍ? በመጪው ሐሙስ ትሄዳለች።» መቀሱን አኖሩ። «ሁለት ሽበታም ሰው ይህን ነገር በእግሩ ያመጣው ነበር፣ ልጄ። በእግር የመጣ መልእክት መሳቢያ ውስጥ አይቀርም።»

ቁጣ ቢኖርባቸው ይሻለው ነበር። ሙራድ እምቢ ቢሉት ጠልቷቸው ሊወጣ ነበር የመጣው። እጃቸውን ስሞ ወጣ፤ ገበያው መሃል ሲደርስ የሚጠላው ሰው ፈልጎ አንድም አጣ።

*

ሲመለስ ረምላ ትቷት በሄደበት ቆማለች። ፊቱን አየችና ምንም አልጠየቀችም።

«በሩን ክፍት አድርገው ነበር አሉ» አላት።

«አውቃለሁ። ሦስቱንም ቀን በመስኮት ሳይ ነበር። ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር እነሳለሁ።»

ነጂባ ዓይኗን ጠርጋ «እኔ ውጭ ልጠብቅሽ፣ አትቆዪ» ብላ ወጣች። በሩን ግን ወለል አድርጋ ነው የተወችው፤ ረምላ የሰው ሚስት ናትና።

ረምላ ከአሮጌው ስልክ ሚሞሪውን አወጣች። የጣት ጥፍር የማታክል ነገር ናት። መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ። የሌላ ወንድ ድምፅ በሻንጣዬ ይዤ ባሌ ቤት አልገባም። እኔ ልሰርዘው ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ አጥፋው።»

«ሌላ ቅጂ የለኝም። በቀጥታ እሱ ላይ ነው የቀዳሁት።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው አንተን የለመንኩህ።»

ሚሞሪውን ሰካው። ዘፈኖቹ ተዘረዘሩ፤ የሁለት ዓመት የምርጫና የክርክር ክምር። ከታች «የጊምቢቹ ሠርግ»። ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም» አለ። «ደንግጬ ነበር። ሦስቴ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ።»

«‹ረምላ፣ እኔ ነኝ፣ ሙራድ›» አለች እሷ።

ቀና አለ። ዓይኗን ጨፍናለች።

«‹እኔ ነኝ፣ ሙራድ።› እዚህ ላይ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። ‹ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው እልሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ቶሎ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።› ከዚያ ተረፈ ከውጭ ‹አዲሳባ የሞላ!› ይላል፤ አንተ ‹ወይ ይሄ ሰው› ትላለህ። ትስቃለህ። ትንሽ።»

«ላጥፋው?» አለ ሙራድ ራሱን እንደሚጠይቅ ሆኖ። ማያው «እርግጠኛ ነህ?» ይለዋል።

«አጥፋው። እኔ በቃሌ ነው የያዝኩት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ምን ሠራሁ?» ዓይኗን አልከፈተችም። እንባው ከሽፋሽፍቷ ሥር ራሱ መንገድ አገኘ። «‹ቤታችሁ ትልቅ ነው። እኔ ያለኝ አንድ በር ነው። ግን በዚያች በር የገባሽ ቀን ሁሉ ለኔ አረፋ ነበር።› እዚህ ላይ ዝም ትላለህ። ረጅም ነው። የጨረስክ መስሎኝ ልዘጋው ነበር።»

ሙራድ ቁልፉን ተጫነው። «የጊምቢቹ ሠርግ» ከዝርዝሩ ወጣ፤ ከላዩ ያሉት ዘፈኖች እንዳሉ ቀሩ። ድምፅ አላሰማም። ሚሞሪውን ነቅሎ መዳፏ ላይ መለሰላት፤ ጣቱ መዳፏን እንዳይነካ ተጠንቅቆ።

«ከዝምታው በኋላስ ምን አልኩ?»

«‹አሁን ስምሽን አንድ ጊዜ ጠርቼ ልዝጋው› አልክ። ከዚያ ጠራኸኝ።» ዓይኗን ከፈተች። «እንደዚያ ተጠርቼ አላውቅም ሙራድ።»

ጠበቀች። አንድ እስትንፋስ ያህል፣ ምናልባት ሁለት። ሙራድ አፉን ከፈተ። ስሟ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ሊያወጣው አንዳች ጉልበት አይጠይቀውም። ግን በነሐሴ የእሱ ሊሆን ይችል የነበረው ስም ዛሬ በሌላ ሰው ቤት የሚጠራ ነው። አባቷንም እጃቸውን ስሞ ነው የመጣው።

አፉን መልሶ ገጠመ።

ረምላ ገባት። አንዴ ራሷን ነቀነቀች፤ አመሰገነችው ወይስ ወቀሰችው አላወቀም። ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ሙራድ ያላወጣውን ስም ጉሮሮው ላይ እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ፤ ወደ ታች አይወርድለት፣ ወደ ላይ አይወጣለት።